«ከሰኞ ጀምሮ»

እሑድ እሑድ እናቴ ቤት እንሰበሰባለን። ምሳ ተበልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ታናሽ ወንድሜ ሰዓቱን ያያል። 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስልኩን ነካ ነካ ያደርጋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ «መጣሁ» ይላል። አይመጣም። በሩ ጋ ሳይደርስ እናቴ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «ዛሬም?» እሱም ያንኑ መልስ ይመልስላታል፤ «ሙቺ እማዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ አቆማለሁ።»

ወሬው ስለ ጫት ነው። ጫቱን ተከትሎ ማታ ማታ ስለሚመጣው ጨብሲም ነው። ይህን ለመጻፍ አስፈቅጄዋለሁ፤ «ስሜን ብቻ አትጥሪ» ብሎኛል፤ አልጠራም።

እናቴ ሰኞዎቹን ትቆጥራለች። መቁጠር የጀመረችው የልጁ ክርስትና ዕለት ነው፤ ያን ቀን በእንግዳ ፊት ምሎ ነበር። ልጅቱ አሁን 6 ዓመቷ ነው። 6 ዓመት በ52 ሰኞ ሲባዛ ከ300 በላይ ይሆናል። እናቴ ይህን የምታወራው እየሳቀች ነው፤ ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን አልሳቀችም። ለልጅቱ የመጀመሪያ ተርም ክፍያ ተብሎ ተለይቶ የተቀመጠው ገንዘብ የለም። አልተሰረቀም፣ አልጠፋም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተቆነጠረ አልቋል። ክፍያውን እኔ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ወንድሜ የሒሳብ ባለሙያ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሰውን የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት እስከ ሳንቲሙ ሲያሰላ ይውላል። ብድር ስንት ወለድ እንደሚወልድ፣ ዛሬ ያልተከፈለ ግብር ከነቅጣቱ ስንት እንደሚሆን ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳኝ የለም። እኔ ራሴ ለኮንዶሚኒየም ስቆጥብ የመከረኝ እሱ ነው። ታዲያ የሌላውን ሰው ነገ እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ሰው የገዛ ልጁን መስከረም እንዴት ማየት ያቅተዋል?

ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለን። «ለነገ የማያስብ»፣ «ልበ ቢስ»፣ «ሥነ ምግባር የጎደለው» እንላለን። እኔም ለዓመታት ብያለሁ። ባለፉት ወራት ስለ ሱስ ስለተደረጉ ጥናቶች ሳነብ ግን ነገሩ ከጠባይ ይልቅ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። ሱስ የያዘው ሰው ስለ ነገ አያስብም ማለት ልክ አይደለም፤ ያስባል። ነገ የሚታየው ግን ለእናንተና ለእኔ በሚታየን ርቀት አይደለም።

እንዴት ይለካል ትሉኝ ይሆናል። በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ያሉ ተመራማሪዎች የኦፒየም ዘር ለሆኑ ዕፆች ሱሰኛ የሆኑና ዕፅ የማይወስዱ ሰዎችን አስቀምጠው ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። «1000 ዶላር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰጥሃል፤ ወይስ ከዚያ ያነሰ ገንዘብ አሁኑኑ?» የአሁኑን መጠን ዝቅ እያደረጉ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ከሳምንት ጀምሮ እስከ ብዙ ዓመታት እያራዘሙ ጠየቁ። ማንም ሰው ቢሆን ለመጠበቅ ሲባል ትንሽ ይቀንሳል፤ ያ ጤነኛ ነገር ነው። ሱስ የያዛቸው ሰዎች ግን የወደፊቱን ገንዘብ እጅግ በፍጥነት አረከሱት። ገንዘቡ ቀርቶ በዚያው ዋጋ ዕፅ ቢሰጣችሁ ሲባሉ ደግሞ ቅናሹ የባሰ ሆነ።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ። «ይሄማ የእኛ ሥራ ነው» አለኝ። የሒሳብ ሰዎች የወደፊት ገንዘብን ወደ ዛሬ ዋጋ ሲያመጡ የሚቀንሱት መጠን አላቸው። «እኔ ለድርጅቱ ስሠራ በዓመት አሥራ ምናምን በመቶ እቀንሳለሁ። ለራሴ ስሆን ግን በሰዓት ነው መሰለኝ የምቀንሰው።»

ሌላው ጥናት የበለጠ ነካኝ። በዓመቱ፣ በ1998፣ እነዚያው ቨርሞንት ያሉ ተመራማሪዎች ሄሮይን የሚወስዱ ሰዎችንና ሌሎች ሰዎችን አንድ ጅምር ታሪክ ሰጥተው እንዲጨርሱት ጠየቋቸው። ታሪኩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ስለ ወደፊት ሕይወቱ ማሰብ ስለሚጀምር ሰው ነው። ሱስ የሌለባቸው ሰዎች ሲጨርሱት የታሪኩ ሰው በአማካይ 4.7 ዓመት ወደፊት ሄዶ ያስባል፤ ይማራል፣ ያገባል፣ ቤት ይሠራል። ሄሮይን የሚወስዱት ሰዎች የጨረሱት ታሪክ ግን በአማካይ 9 ቀን ላይ ያበቃል። እርግጥ ሄሮይን ጫት አይደለም፤ ወንድሜም በየቀኑ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። ቢሆንም መጽሐፉን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁና ቆሜ ቀረሁ። የልጅቱ መስከረም ሐምሌ ላይ ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ወንድሜ እሑድ ጠዋት ስለ ሰኞ ሲምል አይዋሽም። ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። ታዲያ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ይለወጣል?

ጆርጅ ኤንስሊ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ የተጨነቀው በዚህ ጥያቄ ነው። እንደ እሱ አባባል ሰው የወደፊትን ዋጋ የሚቀንሰው እንደ ባንክ ወለድ ቀጥ ባለ መጠን አይደለም። ሩቅ ያሉ ሁለት ነገሮች በእውነተኛ መጠናቸው ይታያሉ፤ ትንሹ ነገር አጠገባችን ሲደርስ ግን በድንገት ይገዝፋል። እኔ ነገሩ የገባኝ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ስሄድ ነው። ከሩቅ ሲታይ እንጦጦ ከሁሉም በላይ ነው። አንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት ሥር ስትደርሱ ግን ተራራው የለም፤ የሚታየው ፎቁ ብቻ ነው። ተራራው አላነሰም፣ ፎቁም አላደገም። እናንተ ናችሁ የተጠጋችሁት። ወንድሜ እሑድ ጠዋት ተራራውን ያያል፤ ልጁን፣ ጤናውን፣ እናቱን። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ፎቁ ሥር ቆሟል። ማታ ጨብሲውን ጨርሶ ሲመለስ ፎቁን አልፎታልና ተራራው እንደገና ይታየዋል፤ ያን ጊዜ ነው የሚያለቅሰው። ያ ልቅሶ የውሸት ይመስለኝ ነበር።

ኤንስሊ በ1974 ያሳተመው የእርግብ ሙከራ አለው። እርግቧ ወዲያው ትንሽ እህል ልታገኝ ትችላለች፤ ብትታገሥ ግን ብዙ። ፈተናው ሲመጣ አትችልም፣ ትነክሳለች። ነገር ግን ፈተናው ከመምጣቱ ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብሎ ፈተናውን የሚያስቀር ሌላ ቁልፍ ሲቀርብላት አንዳንዶቹ እርግቦች ያን ቁልፍ መንካት ተማሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ወፍ ናት። ራሷን መግዛት አልቻለችም፤ ራሷን እንደማትገዛ ግን ያወቀች ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ደቂቃው ራሱ ነው። ጠባቂ ሰው ሰዓቱ ይረዝምበታል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሱስ የያዘው ሰው ላይ ግን ይብሳል። ለ24 ሰዓት ሲጋራ ያቆሙ አጫሾች አጭር ጊዜ እንዲገምቱ ሲጠየቁ ከእውነተኛው አስረዝመው ይገምታሉ። አነቃቂ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎችና በጠባያቸው ግብታዊ የሆኑ ሰዎችም እንዲሁ። ስለዚህ «ትንሽ ብትታገሥ ምናለበት?» ስንለው የእኛ «ትንሽ» እና የእሱ «ትንሽ» አንድ አይደሉም። ወንድሜ ሐራራን እንዲህ ነው የገለጸልኝ፦ «ሰዓቱን አያለሁ፣ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ብዙ ሥራ እሠራለሁ፣ ሰው አናግራለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ። እንደገና አያለሁ፤ 8 ሰዓት ከ14።»

ስለ ምርቃናም ልበል፤ ይህ የእኔ ትዝብት እንጂ ጥናት አይደለም። ሐራራ ነገን የሚያጠፋውን ያህል ምርቃና ነገን ያበዛዋል። 10 ሰዓት ላይ በርጫ ቤት ገብታችሁ ብታዳምጡ አገር ይገነባል፣ ፋብሪካ ይከፈታል፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ ይመረቃል። ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎልኝ ለልጁ ትምህርት ቤት ከመክፈል ይልቅ ራሱ ትምህርት ቤት ሊከፍት መወሰኑን ነግሮኛል። ቦታውን፣ የመምህራኑን ደመወዝ፣ የዩኒፎርሙን ቀለም ሳይቀር። እንዲህ ዓይነቱ ነገ ግን ማክሰኞ የለውም። ከዛሬ ተነስቶ በቀጥታ ምርቃቱ ላይ ያርፋል፤ መሀል ላይ ያሉት ቀኖች የሉም። ጠዋት ሲነሣ ፎቁም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቀኑ ገንዘብም የለም። ስለዚህ «እሱ እኮ ብዙ ዕቅድ ያለው ልጅ ነው» ስትባሉ ዕቅዱ የወጣው በስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠይቁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የበረራ አስተናጋጆች ታሪክ ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሩቬን ዳርና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት ጥናት ነው። አጫሽ የሆኑ የበረራ አስተናጋጆች በአጭር በረራና በረጅም በረራ ላይ ሲጋራ ምን ያህል እንዳማራቸው በየጊዜው እንዲመዘግቡ ተደረገ። አጭሩ ወደ አውሮፓ፣ ረጅሙ ወደ ኒው ዮርክ ነው። አምሮቱ ካጨሱ በኋላ ባለፈው ሰዓት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ረጅሙ በረራ ማብቂያ ላይ ሰዎቹ ማበድ ነበረባቸው። አልሆነም። አምሮቱ በሁለቱም በረራዎች ማረፊያው ሲቃረብ ጨመረ፤ መጨረሻ ላይም ተቀራራቢ ሆነ። ወደ አውሮፓ የሚበሩት ሊያርፉ ሲሉ፣ በዚያው ሰዓት ገና ውቅያኖስ ላይ ካሉት ይበልጥ አምሯቸው ነበር። ሲጋራው የሚያምራቸው ሊያጨሱ የሚችሉበት ሰዓት ሲቀርብ ነው።

ይህን እኛ አገር ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር። በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ጎረቤታችን በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አንድም አይነካም፤ አዛኑ ሲቃረብ ግን ክብሪቱን በእጁ ይዞ በረንዳ ላይ ይቆማል። ወንድሜም ሁዳዴን 55 ቀን አልኮል አይቀምስም። አያማርርም፤ እንዲያውም ያስታውሰው አይመስለኝም። የፋሲካ ሳምንት ሲገባ ነው ፊቱ የሚለወጠው። «55 ቀን ከቻልክ ለምን ሁሌ አትችልም?» ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ! አሁን ሳስበው ጥያቄዬ ልክ አልነበረም። በጾም ውስጥ በየቀኑ «ዛሬ ልጠጣ ወይስ አልጠጣ» የሚል ክርክር የለም፤ በሩ ተዘግቷል፣ የሚከፈትበት ቀንም ይታወቃል። «ከሰኞ ጀምሮ ለዘላለም» ሲባል ግን በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው፣ መጨረሻውም አይታይም። እያንዳንዷ 7 ሰዓት ተኩል እንደ አዲስ ትከራከራለች።

እስካሁን ስለ ወንድሜ ነው የጻፍኩት። ለእናንተ ለወላጆች ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ ልጅቱ ነው።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዋልተር ሚሼል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን እያስገባ ጣፋጭ ፊታቸው ያስቀምጥ ነበር። «እስክመለስ ካልበላኸው ሁለት እሰጥሃለሁ።» ሙከራው ዝነኛ ሆነ፤ የታገሡት ልጆች በኋላ በትምህርት የተሻሉ ሆኑ ተባለና ስንት ወላጅ ልጁን በከረሜላ ፈተነ። እኔም ፈትኛለሁ፤ የእኔ ልጅ ሁለቱንም በላ። በ2018 በብዙ ልጆች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ግን ግንኙነቱ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የቤተሰቡ ኑሮ ሲታሰብበት ደግሞ አብዛኛው ጠፋ። ስለዚህ ከረሜላ በልቶ ያሳፈራችሁ ልጅ ካለ ተረጋጉ።

እኔን ያስቆመኝ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲው የ2013 ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከጣፋጩ በፊት ልጆቹን ሥዕል እንዲሥሉ አደረጉና የተሻለ ቀለም እናመጣለን ብለው ቃል ገቡ። ለግማሾቹ አመጡ። ለግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «ይቅርታ፣ የለም» አሉ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። ልጆቹ ያው የ3፣ የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃናት ናቸው፤ የለያቸው ትንሽ ቀደም ብሎ የሆነው ነገር ነው። የማይመጣን ነገ መጠበቅ ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ሕፃናቱ በትክክል አስልተዋል።

(ወንድሜ እዚህ ላይ ሐሳብ አለው። «በዚህ የዋጋ ንረት 1000 ብር ዛሬ ያለ ሰው ምኑ ግብታዊ ነው? ምክንያታዊው እሱ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ሰው ነገን የሚያቀለው በሱስ ብቻ አይደለም፤ ነገ ራሱ ደጋግሞ ከዳው ማለት ሊሆን ይችላል።)

ልጅቱ እኛ ቤት ስታድር ብስኩት ብሰጣት አንዱን በልታ ሌላውን ትራስ ሥር ትደብቃለች። «ነገ ሌላ እሰጥሻለሁ» ስላት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ግን ትደብቃለች። አባቷ ባለፈው ክረምት ብስክሌት ቃል ገብቶላት ነበር። ከዚያ በፊት መዋኛ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የልደት ኬክ። እሷም እንደ አያቷ መቁጠር ጀምራለች ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ይህቺ ልጅ ትዕግሥት የላትም» እንላለን።

ለነገሩ እኔስ? ለልጄ «ቅዳሜ እንሄዳለን» ብዬ ሥራ የበዛብኝ ቅዳሜዎች አሉ። የእኔ ቃል የሚታጠፈው በሥራ ስለሆነ የተከበረ ይመስለኛል፤ ለልጁ ግን ያው ነው።

ሱስ ነው ነገን የሚያሳጥረው ወይስ ነገ ያጠረበት ሰው ነው ወደ ሱስ የሚገባው? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ተስፋ የሚሰጠኝ ግን አንድ ነገር አለ። በ1999 በታተመ ጥናት አጫሾች፣ ጨርሰው ያላጨሱና አጭሰው ያቆሙ ሰዎች ሲወዳደሩ ያቆሙት የወደፊቱን የሚያዩት እንደ አጫሾቹ ሳይሆን ፈጽሞ እንዳላጨሱት ነበር። ምናልባት ቀድሞውንም አርቀው የሚያዩት ናቸው ያቆሙት። ምናልባት ደግሞ ካቆሙ በኋላ ዓይናቸው ተመልሷል። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ እህት ነኝና።

ታዲያ ምን አደረግን? ከአሁን በፊት ያደረግነው ሁሉ የሩቁን ማስፈራራት ነበር። «ጉበትህ»፣ «ጥርስህ»፣ «እርጅናህ»። 9 ቀን ለሚታየው ሰው የ20 ዓመት ጉበት ማሳየት መነጽር ለሌለው ሰው ጋዜጣ ከማንበብ አይለይም። ቨርሞንት ውስጥ ስቲቨን ሂጊንስ የሚባል ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተቃራኒውን ሠርቷል። የኮኬይን ሱሰኞች ሽንታቸው ሲመረመር ንጹሕ ከሆነ ወዲያው፣ እዚያው፣ ዕቃ የሚገዙበት ኩፖን ይሰጣቸዋል። በተከታታይ ንጹሕ ሲሆኑ መጠኑ ይጨምራል፤ ከወደቁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ብዙ ሰው «ሱሰኛን ለማቆም መክፈል?» ብሎ ይቆጣል። ውጤቱ ግን ደጋግሞ ታይቷል። ሽልማቱን ሩቅ ከማስቀመጥ ይልቅ ከፎቁ አጠገብ ሌላ ፎቅ ሠሩለት ማለት ነው።

ሌላው ነገን በዝርዝር ማሳየት ነው። በ2010 በጀርመን ሐምቡርግ የተደረገ ጥናት ሰዎች ምርጫ ሲያደርጉ ወደፊት በእርግጥ የሚጠብቃቸውን የራሳቸውን ቀጠሮ ብታስታውሷቸው ይበልጥ መታገሥ እንደሚችሉ አሳይቷል። «ስለ ወደፊትህ አስብ» ማለት ምንም አይሠራም። ቀን፣ ቦታ፣ ሰው ያለበት ነገ ነው የሚታየው።

እኛ የሞከርነው የእናቴን ነው። እናቴ ስለ ሐምቡርግ አልሰማችም፤ ዕቁብ ግን ታውቃለች። በሰፈሯ ወርኃዊ ዕቁብ ውስጥ ወንድሜን አስገባችው፣ ዋሱም እሷ ሆነች። ደመወዝ በወጣበት ቀን፣ ጠዋት፣ ወደ ዕቁቡ ይሄዳል። ዳኛውን ለምና ዕጣው የነሐሴ መጨረሻ፣ ከምዝገባው በፊት ባለው ሳምንት እንዲወጣለት አደረገች። ስለ ጉበቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ያቺ የኤንስሊ እርግብ ትዝ አለችኝ፤ ቁልፉ የሚነካው ጠዋት ነው፣ ፈተናው ሳይመጣ። ወንድሜ ሦስት ወር ሳያጓድል ከፍሏል። «ለምን ቻልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ካልከፈልኩ በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ለቅሶ ቤት እነዚያ ሴቶች አጠገብ ትቀመጣለች» አለኝ። እሑድ ቅርብ ነው። መስከረምን ያላየ ዓይን እሑድን ያያል።

ጫቱን አቁሟል? አላቆመም። ቀንሷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆኗል፣ ጨብሲው ደግሞ ቅዳሜ ብቻ። እኛም አንድ ነገር አቁመናል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ስለ ሱሱ አናነሳበትም። ወሬ ካለን ጠዋት ነው፣ ተራራው በሚታይበት ሰዓት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በቤታችሁ ካለ ግን እንደ እኛ በራሳችሁ አትሞክሩት፤ አልኮልን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። «መጣሁ» አለ። እናቴ «ዛሬም?» ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቱ ቀደመቻት።

«መቼ፣ አባቢ?»

ዝም አለ። ከዚያ ከፍ አድርጎ አቀፋትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳያት። «ትልቁ ዘንግ ዞሮ ዞሮ፣ ትንሹ እዚህ 10 ላይ ሲደርስ።» ብስክሌት አላለም፣ ክረምት አላለም፣ ሰኞ አላለም።

ወጣ። ልጅቱ ወንበር ስባ ሰዓቱ ሥር ተቀመጠች። ብስኩት ሰጠኋት፤ አንዱን በላች፣ ሌላውን በእጇ ያዘች። እናቴ በረካውን ቀዳች፣ ማንም አላወራም። 9 ሰዓት ሆነ። 9 ተኩል ሆነ። እኔ ሥራ እንዳለኝ ሰው ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ፤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ግን ሰዓቱ ይታያል። ደቂቃ እንዲያ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር።

በሩ የተንኳኳው ከ10 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲያልፍ ነው።